ሣሩ የሰማይ፣ ውኃው የሰው

በባህል አንትሮፖሎጂ አርብቶ አደርነት የሚባለው ከብት ማርባት ብቻ አይደለም። የደጋ ገበሬም በሬ ይጠምዳል፣ ላም ያልባል፣ በግ ያረባል፤ ነገር ግን ከብቱ የእርሻው አጋዥ እንጂ የኑሮው ምሰሶ ስላልሆነ በዚህ ስም አይጠራም። አርብቶ አደር የሚባለው ኅብረተሰብ ምግቡንና ሀብቱን ብቻ ሳይሆን ጋብቻውን፣ ሕጉንና ጸሎቱን ጭምር በመንጋው ዙሪያ ያዋቀረ፣ መንጋውም በተፈጥሮ ሣርና ቅጠል የሚኖር በመሆኑ ዝናቡን ተከትሎ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ግድ የሚሆንበት ኅብረተሰብ ነው። አማርኛ ለዚህ ኑሮ ሁለት ቃላት አሉት፤ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። «ዘላን» የሚለው የቆየ ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ከመንቀሳቀስ አልፎ መርጋት የማያውቀውን፣ ቦታም ሐሳብም የማይጸናለትን ሰው መጥሪያ እስከ መሆን ደርሷል። «አርብቶ አደር» በአንጻሩ በ«አርሶ አደር» አምሳል የተበጀ ነው፤ በአማርኛ «ማደር» ሌሊትን ማሳለፍም ኑሮን መግፋትም ስለሆነ፣ ሰውየው የሚተዳደርበት ሥራ እንዳለው ስሙ ራሱ ይመሰክርለታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ሲሰጣቸው የሚጠራቸው «ዘላኖች» ብሎ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ዛሬ «አርብቶ አደር» ይላሉ። ልዩነቱ ተራ የአነጋገር ጉዳይ ቢመስልም፣ የዚህ ሕዝብ እንቅስቃሴ መንከራተት ነው ወይስ ሕግ ያለው አሠራር የሚለው የቆየ ክርክር በውስጡ ተደብቋል።

ክርክሩን ለመመርመር የቦረናን ያህል የሚመች ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ቦረናዎች በደቡብ ኢትዮጵያ በያቤሎ፣ በዲሬ፣ በዱብሉቅ፣ በሜጋና በሞያሌ አካባቢ፣ በሰሜን ኬንያ ደግሞ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ናቸው። ግመልም፣ ፍየልም፣ በግም ቢኖራቸው ልባቸው ያለው ላም ላይ ነው፤ በስማቸው የሚጠራው የቦረና ከብት ድርቅን በመቻሉና ሥጋው በመወደዱ ከኢትዮጵያ ድንበር ርቆ ታውቋል። ለአንትሮፖሎጂም እንግዶች አይደሉም። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የገዳን የአስተዳደር ሥርዓት ለዓለም ምሁራን ካስተዋወቀ በኋላ ስለ ሕጋቸው፣ ስለ ጉባኤያቸውና ስለ ግጦሻቸው ብዙ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ስለ ቦረና ሲነሣ ገዳ ብዙ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ስለሚጋርደው፣ ሥርዓቱ በየቀኑ የሚሠራበት ቦታ፣ ማለትም የውኃ ጉድጓዱ፣ የሚገባውን ያህል ትኩረት አያገኝም።

አንትሮፖሎጂ ራሱ አርብቶ አደሮችን በቅጡ ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። አሜሪካዊው ሜልቪል ኸርስኮቪትስ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ጥናት የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ከከብት ጋር ያላቸውን ትስስር በአንድ ቃል ጠቅልሎ «የከብት ኮምፕሌክስ» ብሎ የሰየመው ሲሆን፣ ሊል የፈለገው በከብት ዙሪያ የተሰባሰቡ የባህል ባሕርያት ጥምር መኖሩን ነበር። ቃሉ ግን ከሥነ ልቦና ሊቃውንት ቃል ጋር በመመሳሰሉ ብዙዎች እንደ አንድ ዓይነት የአእምሮ አባዜ ተረዱት፤ ከብት አርቢው ከብቱን ከመጠን በላይ ስለሚወድ አይሸጥም፣ አያርድም፣ ቁጥር ብቻ ያበዛል የሚለው አባባልም በቅኝ ገዢዎች መዝገብና ኋላም በልማት ባለሙያዎች ዘገባ ውስጥ ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ሌላ ጭነት ጨመረበት። በእርሱ አመለካከት የግጦሽ መሬት የጋራ ከሆነ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ላም በጨመረ ቁጥር ጥቅሙን ለብቻው ይወስዳል፣ ጉዳቱን ግን ከሁሉም ጋር ይካፈላል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ መሬቱም ይጠፋል። ሐሳቡ ሲነበብ አሳማኝ ነው። ጉድለቱ ሃርዲን የገለጸው ባለቤትም ሕግም የሌለውን ሜዳ መሆኑ ነው፤ የቦረና ሜዳ እንዲያ ዓይነት ሜዳ አይደለም።

ነገሩ ከሰማዩ ይጀምራል። በቦረና ምድር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው የዝናብ ወቅት ገና፣ ከዚያ የሚከተለው ደመናማና ቀዝቃዛ ደረቅ ወቅት አዶሌሳ፣ በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚመጣው አጭር ዝናብ ሃገያ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የጠራራ ወቅት ደግሞ ቦና ይባላል። ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠው በገና ይወርዳል፤ ሆኖም በወቅቱ ይወርዳል እንጂ በቦታው ይወርዳል ማለት አይቻልም። አንዱን ሸለቆ አረስርሶ ጎረቤቱን ሳይነካ ማለፍ የዚህ ዝናብ ጠባይ ነው። ሣሩ ዛሬ የት እንደሚበቅል አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በሌለበት አገር ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቁራሽ መሬት አጥሮ መስጠት ዕጣ እንደ ማውጣት ነው፤ ዕጣው የወጣለት ይጠግባል፣ ያልወጣለት ከነአጥሩ ይደርቃል። ስለዚህ ሣሩ የሰማይ ነው ይባል ዘንድ ይገባዋል፤ በቦረና ሕግ የግጦሹ መሬት ለቦረና ሁሉ ክፍት የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንቅስቃሴው ደግሞ ዘፈቀደ አይደለም። አንድ ቤተሰብ መንጋውን በሁለት ይከፍላል። የሚታለቡት ላሞች፣ ጥጆችና ደካሞቹ ከብቶች ከመንደሩ ሳይርቁ ይሰማራሉ፤ እነዚህ «ዋራ» ይባላሉ። ወይፈኖች፣ ሰንጋዎችና ወተት የደረቀባቸው ላሞች ግን «ፎራ» ተብለው ከወጣቶች ጋር ብዙ ርቀት ይሄዳሉ፤ ወጣቶቹም ከቤት ርቀው ለወራት ከመንጋው ጋር ያድራሉ። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ፈረስ የሚጋልቡ ቃኚዎች ተልከው የሣሩን ብዛት፣ የውኃውን ርቀት፣ በሽታና ጠብ መኖር አለመኖሩን አይተው ይመለሳሉ፤ ሽማግሌዎችም ወሬውን መዝነው ይወስናሉ። የመንደሩ፣ ማለትም የ«ኦላው»፣ አባት አባ ኦላ ሲባል፣ ኦላዎች ተሰባስበው «አርዳ» ይሆናሉ፤ በአንድ የውኃ ቦታ ዙሪያ ያለው ሰፊ አካባቢ ደግሞ «ማዳ» ይባላል። በመንደሩ አጠገብ ለጥጆች ብቻ የሚከለል ሣርም አለ፤ «ካሎ» ይሉታል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው መንከራተት የሚለውን ቃል ለመጠቀም ማመንታቱ አይቀርም።

በዝናብ ወራት ውኃው እንደ ሣሩ በየስፍራው ነው፤ ኩሬው ይሞላል፣ ከብቱም ራቅ ወዳለው ግጦሽ ይበተናል። ደረቁ ወቅት ሲገባ ግን ሁሉም ወደ ጥልቁ ጉድጓድ፣ ወደ «ኤላ» ይመለሳል። ከኤላዎቹ ሁሉ ታላላቆቹ «ቱላ» የሚባሉት ሲሆኑ፣ ቦረና ዘጠኙ ቱላዎች እያለ የሚቆጥራቸው የጉድጓድ መንደሮች ናቸው፤ ዱብሉቅ፣ ሜልባናና ዌብ ከእነዚሁ መካከል ናቸው። አንድ ቱላ ከመሬት ወለል ሲታይ ጉድጓድ አይመስልም። በመጀመሪያ ከብቶቹ ተሰልፈው የሚወርዱበት፣ በአፈርና በድንጋይ መካከል የተቆፈረ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ በስተመጨረሻው በጭቃ የተለሰነ የውኃ ማጠጫ ገንዳ ይገኛል፤ ከገንዳው ኋላ ደግሞ እውነተኛው ጉድጓድ ወደ ታች ይጠልቃል። ውኃው ከመሬት በታች እስከ 30 ሜትር ሊርቅ ይችላል። በዚያ ጥልቀት ውስጥ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ በእርከንና በእንጨት ላይ ቆመው ከቆዳ የተሠራውን «ኦኮሌ» የተባለ ማቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ፤ ሙሉው ወደ ላይ ይወጣል፣ ባዶው ወደ ታች ይወርዳል፤ ምቱ እንዳይዛነፍም ላሞችን እያወደሱ ይዘፍናሉ። የውጭ አገር ጎብኚዎች ቱላዎቹን የዘፋኝ ጉድጓዶች ብለው የሚጠሯቸው ለዚህ ነው። ስያሜው ቢያምርም ዘፈኑ ለጆሮ ሳይሆን ለጡንቻ የተዘጋጀ መሆኑን ይሸፍናል፤ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ሰው ምቱን ከሳተ ኦኮሌው ከበታቹ በቆመው ሰው ራስ ላይ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ጉልበት ሕግን ወልዷል። ሣሩን ማንም አልዘራውም፤ ጉድጓዱን ግን ሰው ቆፍሮታል፤ የቆፈረው ሰውና ጎሳው በውኃው ላይ መብት አላቸው። የቁፋሮውን ሥራ ያስጀመረው ሰው «ኮንፊ» ይባላል፤ ማዕረጉም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ኮንፊ ግን በደጋው ሰው አነጋገር ባለርስት አይደለም። ውኃውን አይሸጥም፣ አያከራይም፤ የመጀመሪያው ተራ የእርሱ ቢሆንም ጉድጓዱ በተናደ ጊዜ ቆፋሪዎቹን የሚመግብበትን ከብት በማቅረብ ረገድ ሸክሙም ይከብደዋል። ከእርሱ ቀጥሎ የዕለቱን አሠራር የሚመራው «አባ ሄሬጋ» ነው። «ሄሬጋ» በኦሮምኛ ቆጠራ ማለት ስለሆነ ስሙን የቆጠራ አባት ብሎ መፍታት ይቻላል። ማን መቼ እንደሚያጠጣ፣ ስንት ከብት እንደሚያወርድ፣ ሰንሰለቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያቆም የሚወስነው እርሱ ነው። በደረቅ ወቅት ከብት ብዙ ጊዜ በየሦስተኛው ቀን ነው የሚጠጣው፤ በመካከል ያሉት ቀናት ከውኃው ርቆ ለመጋጥ ያገለግላሉ። ተራ የሚሰጠው በጎሳ፣ በጋብቻ ዝምድና፣ በቁፋሮው ወቅት በተደረገ አስተዋጽኦና በወዳጅነት ነው። ክርክር ሲነሣ የኤላው ጉባኤ፣ «ኮራ ኤላ»፣ ተሰብስቦ ይዳኛል፤ ገንዳውን ያበላሸ፣ አጥሩን ያላጠረ ወይም ተራ የጣሰ ሰው ተራውን እስከ ማጣት ሊቀጣ ይችላል።

ለሃርዲን የሚሰጠው መልስ እዚህ ላይ ነው። ሜዳው ክፍት ቢሆንም በደረቅ ወቅት ውኃ የሌለው ሰው በሜዳው ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ በኤላው ተራ ያላገኘ መንጋ በዙሪያው ያለውን ሣር መጋጥ አይሆንለትም። አንድ እንግዳ አገሩን አቋርጦ ሲያልፍ አጥር አላየሁም፣ ስለዚህ ባለቤት የለውም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ አጥሩ ያለው ከመሬት በታች ነውና። ተመራማሪዋ ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች የጋራ ሀብትን ያለ መንግሥት አዛዥነትና ያለ ግል ይዞታ በራሳቸው ሕግ ማስተዳደር እንደሚችሉ ከልዩ ልዩ አገሮች በተሰበሰበ ማስረጃ አሳይታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ ስትቀበል፣ የቱላው አባ ሄሬጋ ከትውልድ ትውልድ ሲሠራበት የኖረውን ነገር ዩኒቨርሲቲዎቹ ገና መስማማት መጀመራቸው ነበር።

በኤላው ተራ የሚያስገኘው ዝምድና ከሆነ፣ ዝምድናን የሚያቆየው ደግሞ ከብት ነው። ቦረና ሳቦና ጎና በተባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን የሳቦ ወንድ ከጎና፣ የጎናም ከሳቦ ያገባል፤ ስለዚህ በሁለቱም ወገን ዘመድ የሌለው ቦረና ማግኘት ያስቸግራል። ወንድ ልጅ ተወልዶ ስም ሲወጣለት አባቱ «ሃንዱራ» የምትባል ጊደር ይሰጠዋል። ቃሉ እትብት ማለት ነው። ልጁ ሲያድግ ጊደሯም ትወልዳለች፣ ልጆቿም ይወልዳሉ፤ ጎልማሳው ከመንጋው ጋር ያለው ትስስር ከእናቱ ጋር ባስተሳሰረው ነገር ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከብት ያነሰው ሰው ከባለጸጋ ዘመዱ ወይም ወዳጁ የምትታለብ ላም በ«ዳባሬ» ይቀበላል፤ ወተቱ የተቀባዩ፣ ላሚቱና የምትወልደው የሰጪው ይሆናሉ። በዚህ አሠራር የአንድ ሰው ላሞች በብዙ በረት ተበትነው ስለሚያድሩ፣ በሽታ ወይም ዘራፊ አንዱን በረት ቢመታ ሁሉንም አያጠፋም። ድርቅ መንጋውን የጨረሰበት ሰው ደግሞ በ«ቡሳ ጎኖፋ» ጎሳው ፊት ይቆማል፤ ጎሳው ተሰብስቦ የደረሰበትን ይሰማል፣ ጠባዩንም ይመረምራል፣ ከዚያም ከየቤቱ ላም አውጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት በዚሁ ስም የመረዳጃ ተቋም በማቋቋሙ ቃሉ ዛሬ ቦረናን አይቶ ለማያውቀውም የከተማ ሰው የተለመደ ሆኗል።

ብዙ ከብት የመያዝ ነገር በዚህ ብርሃን ሲታይ አባዜነቱ ይቀራል። ጊደር እናት ለመሆን አራት ዓመት ገደማ ይፈጅባታል፣ እርግዝናዋም እንደ ሰው ዘጠኝ ወር ነው፤ ድርቅ ግን የአንድን መንጋ ግማሽ በጥቂት ወራት ሊወስድ ይችላል። 10 ላም የነበረው 5 ሲቀረው ልጆቹን ማብላት አይችልም፤ 40 የነበረው 20 ሲቀረው ግን ይተርፋል፣ ለዘመዱም ያበድራል። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ደጋው ሰው «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው ረሃብ ደስታ በተባለው የከብት በሽታ ምክንያት በኢትዮጵያ ላይ ሲወርድ፣ ቆላውም ከዚያ አላመለጠም። እንዲህ ያለውን ዘመን ያየ ሕዝብ ከብት ማብዛትን እንደ ስስት ሳይሆን እንደ ቁጠባ ቢቆጥረው አያስገርምም።

ወንዶቹ ከብቱን ቢያዙም ወተቱ የሴቶቹ ነው። ቤቱን የምትሠራው ሴት ናት፤ ከተክል ሥርና ቃጫ ጠብቆ የተሰፋውን የወተት ዕቃ የምትሠራና በጢስ የምታጥነውም እርስዋ ናት፤ የታለበው ወተት ምን ያህሉ ለልጆች፣ ምን ያህሉ ለእንግዳ፣ ምን ያህሉ ለቅቤ እንደሚሆን የምትወስነውም እርስዋ ናት። ቅቤው ለበረከት የሚፈላው ቡና ውስጥ ይገባል፤ ቦረናዎች የቡናውን ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው «ቡና ቀላ» ሲሉት «ቀላ» ማረድ ማለት ስለሆነ፣ ፍሬው በጥርስ ተከፍቶ ቅቤ ውስጥ ሲገባ በሬ ሳይታረድ መሥዋዕት ቀርቧል እንደ ማለት ነው። የቅቤና የወተት ገበያ ወደ ከተሞቹ ሲስፋፋም በመጀመሪያ ገንዘብ የያዙት ሴቶቹ ናቸው።

ከጉድጓዱና ከመንጋው በላይ ገዳ አለ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ቡድን ወደ ቀጣዩ ይተላለፋል፤ በስምንት ዓመት አንድ ጊዜም የቦረና ሕዝብ ጉሚ ጋዮ በተባለው ታላቅ ጉባኤ ተሰብስቦ ሕጉን ይከልሳል፤ የሥርዓቱ መሪ አባ ገዳው ራሱ ከጉባኤው በታች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የገዳን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ስለ ገዳ ብዙ መጻሕፍት ስላሉ እዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው የግጦሽ፣ የጉድጓድና የእንስሳት ሕግ የሚታደስበት የመጨረሻው ሸንጎ ይኸው መሆኑን ማወቅ ነው።

ሥርዓቱን የፈተነው ድርቅ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥታት ውልና በጎ አሳቢዎችም ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኢትዮጵያና ብሪታንያ የተዋዋሉት የድንበር መስመር የቦረናን ምድር በሁለት መንግሥታት መካከል ከፈለው፤ ሞያሌ ዛሬም በሁለት አገር የተከፈለች አንዲት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የደቡብ ግጦሽ ልማት ፕሮጀክት ትልልቅ ኩሬዎችን በማሽን አስቆፈረ። ውኃ ለጠማው አገር ውኃ መስጠት ማንም የማይቃወመው ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ኩሬዎቹ ለዝናብ ወራት ብቻ ተጠብቆ በኖረው ግጦሽ ላይ በመቆፈራቸው፣ በዚያ ያለው ሣር ዓመቱን ሙሉ ይጋጥ ጀመር፤ ኮንፊና አባ ሄሬጋ የሌላቸው ውኃዎች ስለሆኑም ተራ የሚቆጥር አልነበራቸውም። ሃርዲን የገለጸው ሜዳ በቦረና የተፈጠረው ባህሉ ስለነበረ ሳይሆን ባህሉ ስለተዘለለ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። በዚያው አሥርት ዓመት መንግሥት በግጦሽ መሬት ላይ እሳት መልቀቅን ከለከለ። ቦረናዎች አሮጌውን ሣር በእሳት የሚያነዱት አዲሱ እንዲበቅል፣ መዥገርም እንዲጠፋ፣ ቁጥቋጦም እንዳይወርር ነበር፤ እሳቱ በቆመ ጊዜ እሾሃማው ቁጥቋጦ እየሰፋ ሄዶ ሣሩን አጠበበው። ቅጠል የሚበሉ ግመልና ፍየል እየበዙ፣ ላም የሚያፈቅረው ሕዝብ ባለ ግመል እየሆነ የመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለችግር የሚሰጠው መድኅንም መልኩን ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2010 በማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ በኢትዮጵያ ቦረና የተጀመረው የከብት መድን፣ የሞተውን ከብት ከመቁጠር ይልቅ የሣሩን መድረቅ በሳተላይት ለክቶ ካሳ ይከፍላል። ብልህ ዘዴ ነው፤ በረት ለበረት እየዞሩ ማጣራትን ያስቀራል። ከቡሳ ጎኖፋ የሚለይበት ግን ከሰማይ የሚመለከተው መሣሪያ ሣሩን እንጂ ሰውየውን አለማየቱ ነው፤ ጎሳው ላም ሲሰጥ ተቀባዩን በሚቀጥለው ቁፋሮ ሰንሰለት ውስጥ ለሚቆምበት ቦታም መልምሎታል፤ ካሳ የተከፈለው ሰው ግን በማንም ጉድጓድ ዕዳ የለበትም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ በቦረና በርካታ በረቶች ባዶ ቀሩ። የተናደ ቱላ እንደገና ለመቆፈር በርካታ ሰው ለረጅም ጊዜ መሥራት አለበት፤ ቆፋሪውም የሚበላው የኮንፊውና የጎሳው ከብት ታርዶ ነው። ከብት ከሌለ ቁፋሮ የለም፤ ቁፋሮ ከሌለም ለተረፉት ከብቶች ውኃ የለም። ባለፉት አሥርት ዓመታት በአንዳንድ ኤላዎች ገንዳው በሲሚንቶ ተሠርቷል፣ ቁልቁለቱም ተስተካክሏል። በእነዚህ ጉድጓዶች ድካሙ ቀሏል፤ ተራው ግን አልቀረም፤ መንጋዎቹ ከየአቅጣጫው አቧራ እያስነሡ ሲደርሱ አባ ሄሬጋው ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆሞ የማን በረት ትናንት እንደጠጣ፣ የማንስ ነገ እንደሚጠጣ ይቆጥራል።